ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ልጆቼንና እናቴን የት ልውሰዳቸው?

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከቨርጂኒያ ወደ ሱ ፎልስ ተዛውረናል። እዚያ እያለን ቅዳሜና እሁድን በምን እናሳልፍ ብለን አስበን አናውቅም። ክርስትናው፣ ልደቱ፣ ለቅሶው ቀኑን ይሞላዋል። እዚህ ግን ዘመድ የለንም፤ ልጆቹም ከስልክ አልነሳ ብለዋል። ሳውዝ ዳኮታ ገባን ስንል ደግሞ የሰማ ሁሉ «እዚያ ደሞ ምን አለ?» ይለናል።

በሰኔ አጋማሽ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሁለት ወር ትቆያለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ ደረጃ አትወጣም። ትልቁ ልጄ አራተኛ ክፍልን እየጨረሰ ነው፤ ትንሿ ስድስት ዓመቷ ነው። የምፈልገው አንደኛ፣ ጠዋት ወጥተን ማታ ቤታችን የምንገባበት ቅርብ ቦታ፤ ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ፈቃድ ሲወስድ አራት አምስት ቀን የምናሳልፍበት። የፕሬዚዳንቶቹ ፊት የተቀረጸበትን ራሽሞር ተራራ ሰምቻለሁ። ከእሱ ሌላ ምን አለ? በጀታችን ጠበብ ያለ ነው። እናቴ ጾም አታፈርስም፤ እሱንም አስቡልኝ።

የሱ ፎልስ ነዋሪ

እንኳን ደህና መጣችሁ እህቴ። ከደጃፍሽ ጀምሪ። መሃል ከተማ ያለው ፎልስ ፓርክ መግቢያው ነጻ ነው። የቢግ ሱ ወንዝ ሮዝ ቀለም ባለው ቋጥኝ ላይ እየተንደረደረ ይወርዳል። ቋጥኙ ኳርትዛይት ይባላል፤ ዕድሜው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው። ውሃው በጣም የሚሞላው በጸደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ ነው። እናትሽ በመንገዱ ላይ ሆነው ያያሉ፣ ደረጃ መውጣት አይጠበቅባቸውም። የትንሿን እጅ ግን እንዳትለቂ። ድንጋዩ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ እዚያ ውሃ ውስጥ ወድቆ የሞተ ሰው አለ።

ለቀን ሽርሽር ፓሊሴድስ ስቴት ፓርክን እመርጥልሻለሁ። ጋሬትሰን አጠገብ ነው፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ። ያው ሮዝ ድንጋይ እዚያ ገደል ሆኖ ወንዙን ግራና ቀኝ ያጥረዋል። ወጣቶች በገመድ ሲወጡት ማየት ብቻውን ልጆችን ያስደስታል። ጥላ ያለው የፒክኒክ ጠረጴዛም አታጪም። ደን ካማራችሁ ካንተን አጠገብ ኒውተን ሂልስ አለ። መዋኘት ለሚፈልጉ ዎል ሌክ ቅርብ ነው።

የስቴት ፓርኮቹን የዓመት ፈቃድ አንድ ጊዜ ግዢ። ፓሊሴድስ፣ ኒውተን ሂልስ፣ በኋላ ለረጅሙ ጉዞ በምዕራብ በኩል ያለው ካስተር ስቴት ፓርክም በእሱ ይታያሉ። በየጊዜው ከመክፈል በብዙ ይሻላል።

ሾፌር ነኝ

ስለ መንገዱ እኔ ልንገርሽ። ለራሽሞር ቅርብ የሆነችው ከተማ ራፒድ ሲቲ ናት፤ ከሱ ፎልስ 350 ማይል ገደማ ነው፤ ኢንተርስቴት 90ን ይዘሽ ቀጥ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 80 ማይል ድረስ ይፈቀዳል። ግን ከልጆችና ከእናትሽ ጋር አትሩጡ።

መጀመሪያ ሚቸል ቁሙ። የበቆሎ ቤተ መንግሥት የሚሉት ኮርን ፓላስ አለ። ግድግዳው የተሸፈነው ቀለማቸው በሚለያይ የበቆሎ ራሶች በተሠራ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉን በየጊዜው ይቀይሩታል። መግቢያው ነጻ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቀጥሎ ቻምበርሌን ላይ፣ ሚዙሪ ወንዝን ከማቋረጣችሁ በፊት፣ በማረፊያው ቦታ ዲግኒቲ የምትባል 50 ጫማ ቁመት ያላት የብረት ሐውልት ታገኛላችሁ። ጋቢዋን ከኋላዋ ዘርግታ የቆመች የአገሬው ተወላጅ ሴት ናት። ጋቢዋ ላይ ያሉት ሰማያዊ ቁርጥራጮች በነፋስ ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ ላይ ወንዙ ሰፍቶ ይታያል። ምሳ እዚያው ብሉ።

ከሚዙሪ ማዶ ብዙ ርቀት ነዳጅ ላታገኙ ስለምትችሉ ግማሽ ሲደርስ ሙሉት። ሰዓታችሁም በመሃል አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቲኬት የምትቆርጡ ከሆነ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ እዩ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ ቀድማችሁ መጠለያ ፈልጉ። የዚህ አገር በረዶ መስታወት ይሰብራል።

የራፒድ ሲቲዋ

እዚሁ ስለምኖር ሁሌ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ብዙ ቦታ አትቁጠሩ፤ ባድላንድስንና ካስተርን በደንብ እዩ።

ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ከመንገዳችሁ አያስወጣችሁም። ከ90 በመውጫ 131 ተገንጥላችሁ በ240 መንገድ ትገባላችሁ፤ ዎል የምትባለው ከተማ ላይ ትወጣላችሁ። ሜዳ፣ ሜዳ፣ ሜዳ ስታዩ ቆይታችሁ በድንገት መሬቱ ይቆረጣል። ከታች ጫፉ የሾለ ኮረብታና ሸለቆ ነው፤ ግራጫ፣ ሮዝና ቢጫ መስመር እንደ ጥበብ ጥለት ተደራርቦበት። አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ ዝናብ በየዓመቱ አንድ ኢንች ያህል ያጥበዋል።

ለእናትሽ የሚሆነው ፎሲል ኤግዚቢት የሚባለው መንገድ ነው። ሩብ ማይል ብቻ ነው፤ ወለሉ እንጨት ስለሆነ ዊልቸር ሳይቀር ይገባበታል። እዚያ አካባቢ በጥንት ዘመን የኖሩ እንስሳት ቅሪት ይታያል። ዶር ትሬይል የሚባለውም መጀመሪያው የእንጨት ንጣፍ ነው፤ ንጣፉ ሲያልቅ ይመለሱ። ትልቁ ልጅሽ ከአባቱ ጋር ኖች ትሬይልን ይሂድ። በእንጨትና በገመድ የተሠራ ረጅም መሰላል አለው፤ ወንድ ልጅ ይህን አይረሳም። ከመሰላሉ በኋላ ግን መንገዱ የገደል ጫፍ ይዞ ስለሚሄድ የስድስት ዓመቷን አልወስድም።

መንገዶቹ ላይ ጥላም ውሃም የለም። ጠዋት በጊዜ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሂዱ፤ ውሃ በብዛት ያዙ። ከዘነበ ጭቃው ያንሸራትታልና አትውረዱ። እባብም ስላለ እጃችሁን ወደማታዩት ስንጥቅ አትስደዱ።

ካስተር ስቴት ፓርክ ደግሞ ከራፒድ ሲቲ በስተደቡብ ነው። 18 ማይል የሚዞር የእንስሳት መንገድ አለው። በማለዳ ግቡ። ባይሰን የሚባሉት ግዙፍ ጎሾች ከሺህ በላይ ናቸው፤ መንገድ ዘግተው ሲቆሙ ሞተር አጥፍታችሁ ትጠብቃላችሁ። ከመኪና መውረድ የለም! ረጋ ያሉ ይመስላሉ እንጂ ከሰው በላይ ይሮጣሉ። አህዮችም አሉ፤ አንገታቸውን በመስኮት ያስገባሉ። ለእናትሽ አህያ ብርቅ አይደለም፤ ለልጆቹ ግን የቀኑ ትልቁ ነገር ይሆናል።

እዚያው ሲልቫን ሐይቅ አለ። ትላልቅ ክብ ቋጥኞች ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ዙሪያው አንድ ማይል ያህል ነው፤ ከግድቡ ጀርባ ደረጃና ድንጋይ ስላለው እናትሽ በፊት ለፊቱ ሜዳ ይቀመጡ። ወደ ሐይቁ በኒድልስ ሃይዌይ ከመጣችሁ 8 ጫማ ገደማ ስፋት ያለው ዋሻ ታልፋላችሁ። የመኪናችሁን ስፋት ቀድማችሁ እወቁ፤ የጎን መስታወት አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉ።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ሆት ስፕሪንግስ ውረዱ። በ1974 ለቤት መሥሪያ መሬት ሲደለደል የተገኘ የማሞዝ፣ በጥንት ዘመን የጠፋው ዝሆን መሰል እንስሳ፣ አጥንት ክምችት አለ። አጥንቶቹ በተገኙበት ላይ ጣሪያ ተሠርቶ ነው የሚታዩት፤ ለጉልበትም አይከብድም። ከተማዋ ውስጥ የተፈጥሮ ምንጭ የሚገባበት መዋኛም አለ። እንደ ፍልውሃ አይፋጅም፤ ለብ ያለ ነው።

አስተማሪ

ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ፦ ልጅሽ አራተኛ ክፍል ከሆነ የብሔራዊ ፓርክ ነጻ ፈቃድ አለው። «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» ይባላል። ድረ ገጹ ላይ ቅጹን አስሞይው፣ ወረቀቱን አትመሽ ያዢ፤ ባድላንድስ በር ላይ መኪናችሁ ውስጥ ያላችሁት ሁሉ በነጻ ትገባላችሁ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ እንደ ፈረንጆቹ ኦገስት 31፣ ይሠራል። ራሽሞር መግቢያ ባያስከፍልም ፓርኪንግ ይከፈልበታል፤ ያን ይሄ ፈቃድ አይሸፍነውም።

ራሽሞር ስትቆሙ ለልጆቹ የቦታውንም ታሪክ ንገሪያቸው። ራሽሞር ያለበት ብላክ ሂልስ የሚባለው ተራራማ አካባቢ የአገሬው ተወላጅ ለሆነው ለላኮታ ሕዝብ የተቀደሰ ምድር ነው። በ1868 የፎርት ላራሚ ስምምነት የእነሱ መሆኑ ታውቆ ነበር። ወርቅ ሲገኝ ተወሰደባቸው። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ይከፈላቸው ሲል ፈረደ፤ እነሱ ግን ብሩን አንቀበልም፣ መሬታችንን ነው የምንፈልገው ብለው እስከ ዛሬ ጸንተዋል። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ይረዳል፤ በእኛ ቤት ስለ መሬት ሲወራ ሰምቶ ያደገ ነው።

ሾፌር ነኝ

ስለ ራሽሞር ልጨምር። አንድ ሰዓት ስጡት፣ ይበቃል። የቀረውን ቀን ለካስተር አድርጉት።

እናት ዓለም

እህቴ፣ ቀኑን ስትመርጪ አጽዋማቱን ተመልከቺ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ እዚህ ጁላይ 12። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ኦገስት 7 ማለት ነው። በመሃል ያለው ጊዜ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ነጻ ነው። በኦገስት መጀመሪያ ደግሞ እዚያው አካባቢ ባለችው ስተርጂስ ከተማ ላይ የሞተር ሳይክል ሰልፈኛ ከየስቴቱ ይጎርፋል፤ ሆቴሉ ሁሉ ይወደዳል። ስለዚህ የጁላይ ሦስተኛ ሳምንት ለእናትሽም ለኪስሽም ይስማማል። የካስተር ካቢኖች ከዓመት በፊት ስለሚያዙ አሁኑኑ ተመልከቺ፤ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም።

ለረቡዕና ለዓርብ ድርቆሽና ሽሮ ያዢ። ትናንሽ ከተሞች ውስጥ የጾም ምግብ ብዬ ብጠይቅ አገኛለሁ ብለሽ አትመኪ።

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩለት። የጁላይ ሦስተኛ ሳምንት ተስማምተናል፤ ፓሊሴድስን በዚህ ቅዳሜ እናያለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እናቴ ያለ ቡና አትውልም። ከሰል ይዤ ብሄድና ጀበና ብጥድ ይከለከላል?

የራፒድ ሲቲዋ

ከሰሉን ተይው። ባድላንድስ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ብላክ ሂልስም ደኑ ደረቅ ስለሆነ ከተፈቀደ የእሳት ቦታ ውጭ አይቻልም። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ግዢ፤ ነፋሱ እሳቱን እንዳያጠፋው መከለያ ያለውን ምረጪ። ቡናውን ቤት ቆልተሽ ፈጭተሽ ያዢ። ጀበናውን በፎጣ ጠቅልለሽ ልብስ መሃል አድርጊው፤ የካስተር መንገድ ጠመዝማዛ ነው።