ለብጉርና ለጠባሳው ጎንደር ላይ ምን ይሻላል?

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ የሞከርኩትን ልጻፍ። አስቀድሜ ግን፣ ብጉሩ ሳይቆም ጠባሳ ለማጥፋት አትሩጡ። እኔ ሁለት ዓመት የተንገላታሁት በዚህ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ከአንድ ሱቅ፣ ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ውስጥ ያለ «ፊት የሚያጠራ» ቅባት ነበር። በሳምንቱ ፊቴ ጠራ። ሰው ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይለኝ ጀመር። ስተወው ብጉሩ ብሶበት መጣ። የቆዳ ሐኪሟ ገና ስታየኝ «ስቴሮይድ ነው» አለችኝ፤ ለጊዜው ፊት አጥርቶ ሲተውት ብጉሩን የሚያብስ መድኃኒት ማለት ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካያችሁ እሱም ስቴሮይድ ነው፣ ለብጉር አይሆንም። ምንም ካልተጻፈበትማ እጃችሁ አይንካው።

ቀለል ላለ ብጉር ፒያሳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል የብጉር ቅባት ጠይቁ፤ 2.5 ወይም 5 በመቶ ይበቃል። ጨርቅ ያነጣል ታዲያ፣ የነጠላዬን ጥለት በልቶብኛል። ሌላው ቅባት አዳፓሊን 0.1 በመቶ ነው። ማታ ማታ፣ የአተር ፍሬ የምታክል ለሙሉ ፊት። መጀመሪያ ያደርቃል፣ ይልጣል፤ ለውጡን ለማየት እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ነው። እርጉዝ ከሆናችሁ ግን ተዉት። ክሊንዳማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ደግሞ ለብቻው አትቀቡ፣ ባክቴሪያው ይለምደዋል።

ብጉሩ ትልልቅ፣ የሚያምና ጠባሳ የሚተው ከሆነ ቅባት እየቀያየራችሁ ጊዜ አታባክኑ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ፤ ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ሐኪም እንደ ሁኔታው ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ፣ ሲከብድም አይሶትሬቲኖይን የሚባል ጠንካራ የብጉር ኪኒን ያዛል። አይሶትሬቲኖይን ጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ በጓደኛ ምክር የሚዋጥ ኪኒን አይደለም።

ውበት ሳሎን ፌሻል ደስ ይላል፤ በጥፍር ሲያፈርጡላችሁ ግን ጠባሳ ከፍላችሁ ገዛችሁ ማለት ነው። ሎሚ ፀሐይ ላይ ያቃጥላል። ለጋ ቅቤ ፀጉር ላይ የምታደርጉ ደግሞ ግንባራችሁን ተመልከቱ። እኔ ያንን ስተው ብቻ የግንባሬ ግማሹ ለቀቀኝ (እናቴ እስካሁን አላመነችም)።

ጠባሳ የምንለው ሁለት ዓይነት ነው። ጥቁር ምልክቱ ብጉሩ ከቆመ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ አዜላይክ አሲድ ያለበት ቅባት ያግዘዋል፣ ፀሐይ ግን ያጠቁረዋል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። ኤስፒኤፍ 30 የፀሐይ መከላከያ ከቻላችሁ፣ ካልሆነም ጃንጥላ። ጎድጓዳውን ጠባሳ ግን ሻጩ ምንም ቢምል ክሬም አይሞላውም፤ እሱ በሐኪም እጅ የሚሠራ ማይክሮኒድሊንግ (ቆዳውን በደቃቅ መርፌ መውጋት) ዓይነት ነገር ይፈልጋል።

የእኔ ጥቋቁሮች ስምንት ወር ፈጁ። ግራ ጉንጬ ላይ ያሉት ሁለት ጉድጓዶች አሁንም አሉ።