ባልዋሉበት ግንባር ዋልን የሚሉ ሰዎች፦ ያልተሸለሙትን ሜዳልያ ደረታቸው ላይ ለሚያደርጉ ምን ማድረግ ይገባል?

ጥያቄ፦ አስተባባሪዋ

በጦርነት የተሰዉ ወታደሮች የሚታሰቡበትን ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዷ ነኝ። በዘንድሮው ዝግጅት ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ከተጠቆሙት እንግዶች መካከል አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው አሉ። በአደባባይ በታዩ ቁጥር በርካታ ሜዳልያዎችን ደረታቸው ላይ ደርድረው ነው፤ ስለ አገልግሎታቸው ሲጠየቁ ግን የነበሩበት ክፍል፣ የተሰለፉበት ግንባርና የዘመቱበት ዓመት በየጊዜው ይለዋወጣል። ራሱ በውትድርና ያገለገለ አንድ የኮሚቴያችን አባል ደግሞ ከሜዳልያዎቹ አንዱ እኚህ ሰው ገና ሕፃን ሳሉ ለተካሄደ ዘመቻ የተሰጠ መሆኑን አስተውሎ ነገረን።

ኮሚቴው በሁለት ተከፍሏል። ግማሾቹ «ሽማግሌ ናቸው፣ ማንን ጎዱ? ይናገሩና ይሂዱ» ይላሉ። እኔ ግን ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች በተቀመጡበት አዳራሽ እውነትነቱ ያልተረጋገጠ ታሪክ እንዲነገር ማድረግ ይከብደኛል። በሌላ በኩል ጥርጣሬያችን ስህተት ሆኖ ቢገኝ በእውነት ያገለገሉ ሰውን እናዋርዳለን የሚል ስጋት አለኝ። እንዲህ ያለው ድርጊት በሕግ ያስጠይቃል? ሰውን ሳያስቀይሙ እውነቱን ማጣራት የሚቻለውስ እንዴት ነው?

መልስ 1፦ ሕግ አዋቂ

የሕጉ መልስ ከአገር አገር ይለያያል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በዚህ ረገድ ብዙ የተከራከረችው አሜሪካ ናት። በ2006 መጨረሻ ላይ የጸደቀው የአገሪቱ ሕግ ያልተሰጠውን ወታደራዊ ሜዳልያ «ተሸልሜያለሁ» ብሎ መናገርን ብቻውን ወንጀል አድርጎት ነበር። በ2007 በካሊፎርኒያ የአንድ የውሃ አገልግሎት ቦርድ አባል ሆኖ የተመረጠ አልቫሬዝ የተባለ ሰው በስብሰባ ላይ ራሱን ሲያስተዋውቅ ለ25 ዓመታት በባሕር ኃይል እግረኛ ሠራዊት እንዳገለገለ፣ በተደጋጋሚ እንደቆሰለና የአገሪቱን ከፍተኛ ኒሻን፣ ማለትም የክብር ሜዳልያን፣ እንደተሸለመ ተናገረ። አንድም ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም። ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2012 ዳኞቹ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ሕጉ የንግግር ነጻነትን የሚጥስ ነው ብለው ሻሩት።

ፍርድ ቤቱ ውሸቱን አልደገፈም። ዳኛ ኬኔዲ ንግግሩ የሚናቅ መሆኑን አልሸሸጉም፤ ነገር ግን መንግሥት ሰውን ስለዋሸ ብቻ ማሰር ከጀመረ ወሰኑ የት እንደሚቆም አይታወቅም፣ ለሐሰት ንግግር መድኃኒቱ እውነተኛ ንግግር ነው፣ የተሸላሚዎችን ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ማድረግም ይቻላል የሚል ነበር መከራከሪያቸው። ምክር ቤቱ በ2013 ሕጉን አሻሽሎ መልሶ አወጣው። አሁን የሚያስቀጣው በሕጉ ከተዘረዘሩት ሜዳልያዎች አንዱን ተሸልሜያለሁ በማለት ገንዘብ፣ ንብረት ወይም ሌላ ተጨባጭ ጥቅም ለማግኘት ማታለል ሲሆን፣ ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ይደርሳል።

ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ የተለየ ነው። በካናዳ የወንጀል ሕግ ቁጥር 419 መሠረት ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ወታደራዊ ልብስ ወይም ሜዳልያ ማድረግ ራሱ ወንጀል ነው፤ ጥቅም ተገኘ አልተገኘ አይጠየቅም። በአውስትራሊያም በ1903ቱ የመከላከያ ሕግ ተመሳሳይ ክልከላ አለ። ብሪታንያ በ1955 ሕጓ ያልተገባ ሜዳልያ ማድረግን ትከለክል ነበር፤ በ2006 የወጣው አዲስ የጦር ኃይሎች ሕግ ያንን ሲተካ ግን ክልከላው አብሮ አልተላለፈም። በ2016 መልሶ ለማስገባት የቀረበው ረቂቅም የ2017ቱ ምርጫ በመጠራቱ ሳይጸድቅ ቀረ። ዛሬ እዚያ አንድ ሰው ያልተሸለመውን ሜዳልያ ቢያደርግ በዚያ ብቻ አይከሰስም፤ በእርሱ አማካይነት ገንዘብ ከወሰደ ግን በማጭበርበር ይጠየቃል፣ ወታደራዊ ልብሱን ያለ ፈቃድ ከለበሰም የ1894ቱ ሕግ አሁንም ይሠራበታል።

ስለዚህ እርስዎ ባሉበት አገር ጉዳዩ ወንጀል ላይሆን ይችላል። ይህ ግን መድረኩን እንድትሰጡ አያስገድዳችሁም፤ ለማን ግብዣ እንደሚላክ የሚወስነው ኮሚቴው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።

መልስ 2፦ የቀድሞ አሥር አለቃ

ከእኔ በፊት የጻፉት የሕግ ሰው ያሉትን አከብራለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ፍርድ ቤቱ ጉዳቱን በገንዘብ ብቻ የለካ ይመስለኛል። «ማንን ጎዱ?» ለሚሉት የኮሚቴ አባላት መልሱ አጭር ነው፦ በእውነት የዋለውን ጎዱ። ሐሰተኛው ሲጋለጥ ሰዎች በቀጣዩ ሽማግሌ ደረት ላይ የሚያዩትን ሜዳልያ ሁሉ መጠራጠር ይጀምራሉ፤ አብረውት የዘመቱትን ቀብሮ የተመለሰ፣ ስለ እነርሱ መናገር የሚያቅተው ሰው ምስክር አምጣ ሊባል ነው። አብዛኞቹ ጓደኞቼ ስለ ጦርነቱ የሚያወሩት ሲጠየቁ ብቻ ነው፤ ያውም ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ሌላው።

ደግሞም ገንዘብ የለበትም ማለት አይቻልም። በአሜሪካ በቬትናም ጦርነት ተማርከው በሕይወት የተመለሱት በይፋ የሚታወቁት ወታደሮች 661 ነበሩ፤ በ2009 አንድ የዜና ወኪል ባደረገው ማጣራት ግን በቬትናም ምርኮኛነት ተመዝግበው የአካል ጉዳት ክፍያ የሚያገኙት 966 ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ የመዝገብ ስህተት የሆኑ ቢኖሩ እንኳ፣ ከ661ዱም መቶ ያህሉ በዚያን ጊዜ በሕይወት እንዳልነበሩ ሲታሰብ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ስለ ማጣራቱ ከልምዴ የማውቀውን ልጨምር። ፈጽሞ ሳያገለግል ወታደር ነበርኩ የሚለውን ሰው መለየት ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው በእርግጥ ያገለገለው፣ ነገር ግን በስንቅና ትጥቅ ክፍል ወይም በጽሕፈት ቤት የዋለበት ጊዜ አንሶበት ግንባር ላይ የዋለ ያስመሰለው ነው። የወታደሩን ቋንቋ ያውቃል፣ የአለቆቹን ስም ይጠራል፣ የሰፈሩን ሽታ ሳይቀር ይነግርዎታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከልብ አዝናለሁ፤ ያለ ስንቅ የሚዋጋ ጦር የለምና የሚያፍርበት ነገር አልነበረውም። ራሱን ያሳነሰው ራሱ ነው።

ጥርጣሬን የሚያጠናክሩ ምልክቶች አሉ። «ግዳጄ ምስጢራዊ ስለነበር መዝገብ የለኝም» የሚል መልስ ከሰማችሁ ጠንቀቅ በሉ። ግዳጁ ምስጢር ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው የተቀጠረበት ቀን፣ የሠለጠነበት ቦታ፣ የደረሰበት ማዕረግና የተሰናበተበት ቀን ግን እንደማንኛውም ወታደር ተመዝግቦ ይገኛል። የዕድሜና የዘመቻ አለመገናኘት፣ የእናንተ አባል እንዳስተዋለው፣ ከሁሉም የጠነከረ ምልክት ነው። የሪባኖች (ሜዳልያዎቹን የሚወክሉ ባለቀለም ጨርቆች) አደራደር መሳሳት ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ከተሰናበተ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ቅደም ተከተሉን ቢረሳ አይፈረድበትም።

መልስ 3፦ መዝገብ ቤት

ሥራዬ የቆዩ ሰነዶችን ማገላበጥ ነው። አሥር አለቃው የጠቀሱት ምልክት ለጥያቄ መነሻ ይሆናል እንጂ ለፍርድ አይበቃም፤ ፍርዱን ለሰነዱ ተዉት።

መጀመሪያ የሚጣራው ከፍተኛው ሜዳልያ ነው፣ ምክንያቱም ተሸላሚዎቹ ጥቂትና በይፋ የተመዘገቡ ናቸው። የአሜሪካው የክብር ሜዳልያ እና በ1856 የተመሠረተው የብሪታንያ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸላሚዎች ስም ሙሉ በሙሉ ይታወቃል፤ የብሪታንያ የጀግንነት ሽልማቶች በመንግሥቱ ጋዜጣም ታትመው ይወጣሉ። ስሙ ከሌለ የለም። ዝቅ ወዳሉት ሲወረድ ግን እንዲህ ያለ ቁርጥ መልስ አይገኝም፤ ለቆሰሉ ወታደሮች የሚሰጠው የአሜሪካው «ፐርፕል ኸርት» እንኳ የተሸላሚዎቹ የተሟላ ዝርዝር የለውም።

ቀጥሎ የግል የአገልግሎት መዝገብ ይመጣል። በአሜሪካ ማንኛውም ሰው ሴንት ሉዊስ ለሚገኘው የብሔራዊ መዛግብት ማዕከል ጽፎ፣ የባለቤቱ ፈቃድ ሳያስፈልገው፣ አንድ የቀድሞ ወታደር ያገለገለበትን ዘመን፣ ማዕረጉን፣ የተመደበባቸውን ክፍሎችና የተሸለማቸውን ሜዳልያዎች መጠየቅ ይችላል። በሌሎች አገሮች የባለቤቱ ፈቃድ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። መዝገብ አለመገኘት የውሸት ማስረጃ አይደለም። በዚያው በሴንት ሉዊስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ (ጁላይ) 12 ቀን 1973 በተነሳ ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደሮች ማኅደሮች ወድመዋል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች ማኅደሮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በእውነት አገልግለዋል፤ ወረቀታቸው ነው የተቃጠለው። እንዲህ ሲሆን የደመወዝ ሰነድ፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ የክፍሉ የዕለት ሪፖርት ወይም የመሰናበቻ ወረቀት ቅጂ ይፈለጋል።

በአደባባይ ከማጋለጥ ግን እለምናችኋለሁ፣ ተቆጠቡ። በየመንገዱ ሽማግሌ እያስቆሙ በካሜራ ፊት የሚያፋጥጡ ሰዎች በርክተዋል፤ ከተፋጠጡት መካከል በእውነት ያገለገሉ ሰዎችም ነበሩበት። በ1996 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዋና አዛዥ የነበሩት አድሚራል ጄረሚ ቦርዳ ከተራ ባሕረኛነት ተነሥተው እዚያ ማዕረግ የደረሱ ሰው ነበሩ፤ በሪባኖቻቸው ላይ ያደርጓቸው የነበሩ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ምልክቶች አይገቧቸውም የሚል ጥያቄ ሊያቀርቡላቸው ጋዜጠኞች በሚመጡበት ቀን ሕይወታቸውን አጠፉ። ምልክቶቹ ይገቧቸው ነበር ወይስ አይገቧቸውም የሚለው ከሞቱ በኋላም አከራክሯል። ይህን የማነሳው ማጣራት ይቅር ለማለት ሳይሆን፣ ጥያቄው በዝግ ቤትና በጨዋነት ይቅረብ ለማለት ነው።

አስተባባሪዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። እኚህን ሰው ሰነድ ብንጠይቃቸውና «አላሳይም» ቢሉስ? ደግሞም የሟች አባታቸውን ሜዳልያ አድርገው የሚመጡ ልጆች በየዓመቱ አሉ፤ እነርሱስ ጥፋተኞች ናቸው?

መልስ 4፦ የቀድሞ አሥር አለቃ

ልጆቹን ከሐሰተኞቹ ጋር አንድ ላይ አትቁጠሯቸው። በብሪታንያና በአውስትራሊያ ባለው ልማድ ባለቤቱ ሜዳልያውን በግራ ደረቱ ሲያደርግ ዘመዶቹ ደግሞ በቀኝ ያደርጉታል፤ ያየ ሁሉ የአባት ወይም የአያት መሆኑን ያውቃል። በካናዳ ግን ሕጉ ለቤተሰብም አይፈቅድምና ሜዳልያውን በሣጥን ወይም በክፈፍ ይዞ መምጣት ይሻላል። በመጥሪያ ወረቀታችሁ ላይ ይህን በአንድ አረፍተ ነገር ብትገልጹ ማንም አይሸማቀቅም።

ሰነዱን በተመለከተ፣ እኚህን ሰው ለብቻቸው አትጠይቋቸው። በዝግጅቱ ላይ ስለ ራሱ አገልግሎት የሚናገር ማንኛውም ሰው የመሰናበቻ ወረቀቱን ቅጂ አስቀድሞ እንዲያቀርብ ኮሚቴው ይወስን፣ ደንቡም ለሁሉም ተናጋሪዎች በአንድ ቀን በጽሑፍ ይድረስ። ያገለገለ ሰው በዚህ አይቀየምም፤ እኔ ራሴ ብጠየቅ በደስታ አቀርባለሁ። ወረቀቱ በእጃቸው ከሌለ ቅጂውን ለማስወጣት እንድታግዟቸው ጠይቋቸው፤ እውነተኛ ከሆኑ ለራሳቸውም ይጠቅማቸዋል። ካልፈለጉ ግን የክብር ወንበራቸው ይጠበቅላቸው፣ ንግግሩ ለሌላ ሰው ይሰጥ፤ ምክንያቱንም ከኮሚቴው ውጭ ለማንም አትንገሩ። ደንቡን ዛሬ ብታጸድቁት ለሰነድ ፍለጋ የሚሆን ጊዜ ስለሚተርፍላቸው አትዘግዩ።