የፍሎሪዳው ዘንዶ አትላንታ ድረስ ይመጣል?

የአቤል እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አትላንታ አጠገብ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ ጫካና ትንሽ ጅረት አለ። ልጄ ለትምህርት ቤት ስለ በርማ ዘንዶ ሲያነብ፣ ዘንዶው አሜሪካ ውስጥ የት ሊኖር እንደሚችል የሚያሳዩ ሁለት ካርታ አገኘ። አንዱ ላይ የአሜሪካ ደቡብ ከሞላ ጎደል ቀለም ተቀብቷል፣ እኛም አለንበት። ሌላው ፍሎሪዳ ጫፍ ላይ ያበቃል። ሁለቱም የሳይንቲስቶች ሥራ ነው። የቱን እንመን? ልጁ ጅረቱ ጋ መውረድ ፈርቷል።

የባዮሎጂ መምህር (ማያሚ)፦
እህቴ፣ ሁለቱም ካርታዎች የወጡት በ2008 ነው። ሰፊው የእነ ጎርደን ሮዳ ነው፤ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተመራማሪዎች ናቸው። ዘንዶው በእስያ የሚኖርባቸውን ቦታዎች ወርሃዊ ሙቀትና ዝናብ ወስደው፣ አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚመስለው የት ነው ብለው ፈለጉ። የአገሪቱ ሲሶ ገደማ ሆነ። ጠባቡ የእነ አሌክስ ፓይረን ነው። እነሱ ብዙ ተጨማሪ የአየር ንብረት መለኪያዎች አስገቡ። የቀረው ደቡብ ፍሎሪዳና የቴክሳስ ደቡብ ጫፍ ብቻ ነበር። እነ ሮዳም ዝም አላሉም፤ መለኪያ ሲበዛ ካርታው ያለ አግባብ ይጠባል ብለው ተከራከሩ።

ለእኔ ከካርታዎቹ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው የጃንዋሪ 2010 ውርጭ ነው። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ፣ ከእናንተ ከጆርጂያ ድንበር ማዶ፣ ሳቫና ሪቨር የሚባል የምርምር ቦታ አለ። ተመራማሪዎች በ2009 ከፍሎሪዳ 10 ዘንዶ አምጥተው በታጠረ ግቢ ለቀቁ። ኩሬም፣ መሸሸጊያ ጉድጓድም ነበራቸው። መጀመሪያ ብርዱን ተቋቋሙት። ያ ውርጭ ሲመጣ ግን አንድም አልተረፈም። እዚሁ ኤቨርግሌድስ ረግረግ ውስጥ እንኳ ራዲዮ ከተገጠመላቸው 10 ዘንዶዎች 9ኙ ሞቱ። ስለዚህ እኔ ወደ ጠባቡ ካርታ አደላለሁ።

ዳዊት ዘ ዲሲ፦
መምህር፣ የተረፉትስ? ብርድ የቻሉት ናቸው የሚዋለዱት። በዚያ ላይ አንዳንዶቹ የሕንድ ዘንዶ ዘር እንደተቀላቀለባቸው በዲኤንኤ ታይቷል። የሕንዱ ደግሞ ደረቅ ቦታም ይኖራል።

የባዮሎጂ መምህር (ማያሚ)፦
ዳዊት፣ ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ከውርጩ በፊትና በኋላ የተያዙትን ዲኤንኤ አነጻጽሮ ለውጥ አግኝቷል። ስለዚህ የዛሬው ወሰን የዘላለም ወሰን ነው አልልም። ግን ከደቡብ ፍሎሪዳ እስከ አትላንታ ያለው የብርድ ልዩነት ቀላል አይደለም። ውርጭ በመጣ ቁጥር በሰዓቱ ጉድጓድ የሚገባና እስኪያልፍ የሚቆይ ዘንዶ ያስፈልጋል። ይህ ጠባይ በአንድ ሌሊት አይመጣም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ስለ ሰሜኑ ስንከራከር ደቡቡ ባዶ እየቀረ ነው። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ዘንዶው ለረጅም ጊዜ በኖረባቸው የኤቨርግሌድስ ክፍሎች መንገድ ላይ የሚታየው ራኩን የሚባለው ትንሽ አውሬ 99.3 በመቶ፣ ቦብካት የሚባለው የዱር ድመት 87.5 በመቶ ቀንሷል። ተማሪዎቼን ይዤ ስወጣ ወፍና አዞ እናያለን፤ ራኩን ግን የለም። ይህን ሁሉ ያመጣው ሰው እቤቱ ያሳደገው እንስሳ ነው። ሲያድግበት አውጥቶ ጣለው፣ ወይም አመለጠው። መንግሥት የበርማውንና የአፍሪካውን ዘንዶ ከውጭ ማስገባት የከለከለው በ2012 ነው። ከረፈደ በኋላ!

የአቤል እናት፦
እግዜር ይስጥልን መምህር። ታዲያ እዚህ ጭራሽ አይታይም ማለት ነው?

የባዮሎጂ መምህር (ማያሚ)፦
ሰው የለቀቀው አንድ ዘንዶ በሙቀት ወራት የትም ሊታይ ይችላል። ያ ግን ሰፍሮና ተዋልዶ መኖር አይደለም። ጅረታችሁ ጋ ልትጠነቀቁ የሚገባው ኮፐርሄድ የሚባለውን እባብ ነው። መርዛማ ነው፣ አትላንታ አካባቢም በብዛት አለ። አቤል ጫማ አድርጎ፣ እጁን ቅጠልና ድንጋይ ሥር ሳይሰድ ይውረድ። እባብ ካየ ፎቶ አንሥቶ ይራቅ እንጂ አይምታው። መርዝ የሌላቸውን የአገሩን እባቦች መግደል ጆርጂያ ውስጥ በሕግ ክልክል ነው። ፎቶውን እዚህ ከለጠፋችሁት ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።