ጥቆማ፦ ላፕቶፕ ላይ ጭማሪ ብር የሚከፈለው ለምኑ ነው?

እሁድ ቡና ላይ ጎረቤቴ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ዘረጉልኝ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ 2ኛ ዓመት ገብቷል፣ አካውንቲንግ ነው የሚማረው። እቁብ ደርሷቸው ላፕቶፕ ሊገዙለት አስበዋል። ወረቀቱ ላይ መገናኛ ካለ አንድ ሱቅ የተጻፈላቸው ሁለት ዋጋ አለ። ማሽኑ ያው አንድ ዓይነት ኤችፒ ነው። አንደኛው ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ 8 ጊጋ ራም (የተከፈተ ሥራ የሚያዝበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ)፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ማከማቻ)። ሁለተኛው ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ኤስኤስዲ። ልዩነቱ 24 ሺህ ብር። «ልጄ፣ ይሄ ጭማሪ ለምኑ ነው? ዛሬ ቆጥቤ ነገ ልጁ ሲቸገር እንዳይቆጨኝ» አሉኝ።

የነገርኳቸውን እዚህም ልጻፈው። እኛ አባዶ ነን፣ ግን ጣፎም ሆነ ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱም ሆነ ጀሞ በዚሁ ጥያቄ የሚጨነቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፣ የላፕቶፕም ዋጋ አብሮ ወጣ። 24 ሺህ ብር ደግሞ ለብዙ ቤት የወራት ኪራይ ነው።

መጀመሪያ ሰው በጣም የሚሸወድበትን ላንሳ፤ አይ 5 እና አይ 7። ወረቀቱ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም አልነበረም፣ ደውለን ጠየቅን። አንደኛው 1235ዩ፣ ሌላው 1255ዩ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም በፈረንጆቹ 2022 የወጡ የኢንቴል 12ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ናቸው። ሁለቱም 10 ኮር (ሥራውን የሚሠሩ ክፍሎች) አላቸው፤ 2 ትልልቅ፣ 8 ትንንሽ። ሁለቱም 12 ትሬድ ናቸው፣ በአንድ ጊዜ የሚያስኬዷቸው የሥራ መስመሮች ማለት ነው። ካሽ የሚባለው የውስጥ ፈጣን ማህደረ ትውስታቸው እንኳ እኩል 12 ሜጋ ነው። የሚለያዩት ከፍተኛ ፍጥነታቸው ላይ ነው፣ 4.4 እና 4.7 ጊጋኸርዝ፤ እሱንም ቢሆን ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ሲሞቁ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አይዙትም። አብሮት ያለው ግራፊክስ (ምስል የሚያቀናብረው ክፍል) አይ 7ቱ ላይ ትንሽ ይሻላል። ኤክሴል ለሚከፍት፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ለሚለማመድ፣ ዙም ላይ ለሚማር ልጅ ግን ይህ ልዩነት አይታወቅም።

ይህን በደንብ የማውቀው ስለተጎዳሁበት ነው። 2011 ላይ «አይ 7 ይሻላል» ተብዬ 7500ዩ ያለበት ላፕቶፕ ገዛሁ፣ የሱቁን ስም አላነሳም። ጓደኛዬ በዚያው ሳምንት ከእኔ ባነሰ ብር አይ 5 ገዛ፣ 8250ዩ። የእኔ 7ኛ ጄኔሬሽን ነበር፣ 2 ኮር። የእሱ 8ኛ ጄኔሬሽን ነው፣ 4 ኮር። አይ 7 ብዬ የኩራት ብር ከፍዬ በግማሽ ኮር ነው የወጣሁት። ዊንዶውስ 11 ሲመጣ ደግሞ ማይክሮሶፍት ከሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የሱ ገባ፣ የእኔ ቀረ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ሲያበቃ የእኔ ማሽን ሜዳ ላይ ቀረ፤ የእሱ እስከ ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ ስላይትሊ ዩዝድ (ትንሽ ያገለገለ) ስትገዙ አይ 5 ነው አይ 7 ነው ከማለታችሁ በፊት ጄኔሬሽኑን ጠይቁ። ከ8ኛ በታች ከሆነ በርካሽም ቢሆን ይለፋችሁ።

ራም ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ የጎረቤቴ ስጋት ልክ ነው፣ ልጁ 16 ጊጋ ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ ራሱ፣ ክሮም ላይ አሥራ ምናምን ታብ፣ ቴሌግራም፣ አንድ ፒዲኤፍ፣ ከዚያ ዙም ሲከፈት 8 ጊጋ ይሞላል። ሲሞላ ኮምፒውተሩ ኤስኤስዲውን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ ያኔ ነው ሁሉ ነገር መንቀርፈፍ የሚጀምረው። ጥያቄው 16 ያስፈልጋል ወይ አይደለም። ጥያቄው 16ቱን ከፋብሪካው ጋር በውድ ልግዛው ወይስ በኋላ ልጨምረው ነው።

ይህ ደግሞ በማሽኑ ይወሰናል። የጎረቤቴ ኤችፒ 2 የራም ማስገቢያ አለው፣ አንዱ ባዶ ነው። ባዶው ላይ ሌላ 8 ጊጋ ሲገባ 16 ይሆናል። እንዲያውም ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠሩ ግራፊክሱም ይፈጥናል። ያን ቀን የተባልነው ዋጋ ለ8 ጊጋ ራም 6 ሺህ 500፣ ለ512 ኤስኤስዲ 7 ሺህ ብር ነው። ሁለቱንም ብንጨምር እንኳ ከ24 ሺሁ 10 ሺህ 500 ይተርፋል። ኤስኤስዲው ግን አሁን አያስፈልግም፣ 256 ለአካውንቲንግ ተማሪ ሁለት ዓመት ይበቃል፤ ሲሞላ ይቀየራል።

ሱቅ ውስጥ ማሽኑን ስትከፍቱ ታስክ ማናጀር ግቡ፣ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ። ስሎትስ ዩዝድ የሚል አለ። «1 ከ 2» ካለ አንድ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ሁልጊዜ ልክ አይናገርም፣ በተለይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ሲሆን፣ ስለዚህ ሞዴሉን ኢንተርኔት ላይም አረጋግጡ። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አንዱ በአንዱ ቦታ አይገባም፣ ይህንንም ሳታጣሩ ራም እንዳትገዙ።

ጭማሪው በሙሉ ልብ የሚከፈልበት ማሽንም አለ። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ከሆነ የገዛችሁት ቀን የነበረው ራም እስከ መጨረሻው ያው ነው። የአፕል ማክቡክ ኤር እንዲህ ነው፣ ኤም 1 ፕሮሰሰር ያለው ላይ ራሙም ማከማቻውም አይቀየርም። አፕል ራሱ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2024 የማክቡክ ኤር መነሻውን ከ8 ወደ 16 ጊጋ አሳድጎታል። የሌኖቮ ኤክስ 1 ካርቦንም ራሙ የተበየደ ነው። ሲንክፓድ ቲ480 ደግሞ 2 ማስገቢያ አለው፤ ቲ480ኤስ ግን ከፊሉ የተበየደ ነው፣ ማስገቢያው አንድ ብቻ። አንዲት «ኤስ» ፊደል ይህን ያህል ትለውጣለች። ስለዚህ ለተበየደ ማሽን ባለ 16ቱን ውሰዱ፣ ብሩ ካልደረሰ ሌላ ሞዴል ፈልጉ።

ስክሪንም እንደዚያው። 1366 በ768 የሆነውን አትግዙ። ሙሉ ኤችዲ፣ 1920 በ1080፣ ጥቂት ሺህ ብር ቢያስጨምርም ክፈሉ። ስክሪን በኋላ ላስቀይር ቢባል አድካሚም ውድም ነው፣ ልጁ ደግሞ አራት ዓመት የሚያፈጥበት እሱ ላይ ነው።

አሁን ለእኛ ሰፈር ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ባትሪ። እዚህ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር የለም። ባትሪው የደከመ አይ 7 ከሶኬት ሲነቀል ይጠፋል፣ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይጠፋል። ልጁ አሳይመንቱን ማታ 5 ሰዓት ላይ ማስገባት ካለበትና 3 ሰዓት ላይ መብራት ከሄደ የፕሮሰሰሩ ስም ምንም አይጠቅመውም። ዩዝድ ስትገዙ የባትሪ ሪፖርት አስወጡ፤ ዊንዶውስ ላይ በአንድ ትዕዛዝ ይወጣል፣ ሻጮቹ ያውቁታል። ሪፖርቱ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ስንት ይይዝ እንደነበርና አሁን ሲሞላ ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል። ግማሽ ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከጠቅላላው እንዲቀንሱላችሁ ተከራከሩ። ቲ480ን ደጋግሜ የምጠቁመው በዚህ ነው፤ ውስጡ አንድ ባትሪ አለ፣ ከኋላ ሌላ ይሰካል፣ የኋላውን ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ አውጥቶ በሌላ መቀየር ይቻላል። በታይፕ ሲም ቻርጅ ይደረጋል። ሌላው ደግሞ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ሲመጣም ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ።

የት ይገዛ? ያየኋቸውን ልንገራችሁ። መገናኛ ዘፍመሽና ዙሪያው ያሉት ሕንፃዎች ለእኛ ይቀርባሉ፣ ከአያት በባቡርም ይደረሳል። ትልቁ ጥቅማቸው ሱቆቹ አጠገብ ለአጠገብ መሆናቸው ነው። አንዱ ጋ የተጻፈላችሁን ዋጋ ይዛችሁ ሌላው ጋ ግቡ፣ ሦስተኛው ጋ ስትደርሱ ዋጋው ይወርዳል። መርካቶ ለቻርጀር፣ ለቦርሳ፣ ለማውስ ጥሩ ነው፤ ላፕቶፕ ግን እዚያ ግርግር ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰዓት ወስዶ መፈተሽ ይከብደኛል። ቴሌግራም ላይ ምርጫው ብዙ ነው፣ ዋጋ ለማወቅ እጠቀምበታለሁ። ዋጋውን «በውስጥ መስመር» ብቻ የሚሉትን አልወድም። ዕቃውን በዓይናችሁ ሳታዩ በቴሌብር ቀብድ አትላኩ፤ አንድ ወዳጄ ከፍሎ የመጣለት ማሽን ፎቶው ላይ ካየው አንድ ጄኔሬሽን ያነሰ ነበር፣ ቀብዱን ለማስመለስም ሦስት ሳምንት ለመነ።

ራም ለማስጨመር የሰፈር ጠጋኝም ይችላል። አባዶ ኮንቴነር ውስጥ የሚሠራ ልጅ የእኔን በ15 ደቂቃ አስገብቶ፣ ፋኑንም አጽድቶ 400 ብር የእጅ አስከፈለኝ። አዲስ ማሽን ከሆነ ግን ከሱቁ ሳትወጡ እነሱው ያስገቡላችሁ፤ ሌላ ሰው ከከፈተው «ዋስትናው ፈርሷል» ሊሏችሁ ይችላሉ። ዋስትናውም በቃል አይሁን፣ ደረሰኙ ላይ ስንት ወር እንደሆነ ይጻፍ።

ይህን ለጥቂት ሰዎች ከላክሁ በኋላ ሁለት ጥያቄ መጣ። አንዷ እህት አርክቴክቸር ትማራለች፣ ሪቪትና 3ዲ ማክስ የሚባሉ የንድፍ ሶፍትዌሮች ትጠቀማለች፤ ለሷም አይ 5 ይበቃል ወይ ብላለች። ላንቺ ምክሬ ሌላ ነው። ጭማሪውን ክፈይ፣ ግን ለአይ 7 ስም ሳይሆን ራሱን ለቻለ የግራፊክስ ካርድና መጨረሻው «ኤች» ለሆነ ፕሮሰሰር። አይ 5 12450ኤች 8 ኮር ነው፣ 4ቱ ትልልቅ፣ በ45 ዋት የሚሠራ፤ ረጅም ሰዓት ሬንደር ሲያደርግ (ንድፉን ወደ ምስል ሲቀይር) ያንን በ15 ዋት የሚሠራውን አይ 7 1255ዩ ጥሎት ይሄዳል። ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል፣ ይከብዳልም፣ ያንን አውቀሽ ግቢ።

ሌላው ወንድም 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ያለው በተመሳሳይ ዋጋ ተገኝቷል፣ ከ256 ኤስኤስዲ አይሻልም ወይ ብሏል። አይሻልም። ሃርድ ዲስኩ ፊልም ለማጠራቀም ነው፣ ዊንዶውስ እሱ ላይ ሲሆን ለመነሳት ብቻ ደቂቃዎች ይፈጃል።

ጎረቤቴ ባለ አይ 5ቱን ወስነዋል፣ 8 ጊጋ ተጨምሮበት። ከተረፈው ላይ ጥሩ ቦርሳና ውጫዊ ዲስክ ይገዛለታል፣ ቀሪው ለቀጣዩ እቁብ ይቀመጣል። ቅዳሜ ጠዋት ከልጁ ጋር አብሬ እሄዳለሁ። ከአባዶም ሆነ ከአያት ላፕቶፕ ሊገዛ ያሰበ ካለ 3 ሰዓት ላይ አያት ባቡር ጣቢያ እንገናኝ፣ አብረን እናያለን።