በማምሻ ብርሃን ለተነሱ የፏፏቴ ፎቶዎች ጥቆማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ላላችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ የቦርከና ወንዝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል በሚወርድበት ገደል ፏፏቴ አነሳሁ። የደረስነው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ግድም ስለነበር ፎቶዎቹ ጨልመው ወጡ። በስልኬ ሳበራቸው ደግሞ ድንጋዩ ሁሉ አሸዋ የተበተነበት መሰለ። ማረሚያ መተግበሪያ፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) እና ደህና ፎቶ ቤት ጠቁሙኝ። ለአባቴ በትልቁ አሳጥቤ የምሰጣቸው ስጦታ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚሁ ገደል ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁና ከመተግበሪያው አልጀምርም። አሸዋ የመሰለህ ነጠብጣብ የመጣው ስልክህ በጨለማ ራሱ ወስኖ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ከፍ ስላደረገው ነው። ፎቶውን ስታበራው ነጠብጣቡም አብሮ ይጎላል። መድኃኒቱ አይኤስኦውን 100 ላይ አስሮ ብርሃኑ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ስልኩ ፍንክች ማለት የለበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘብህን ትራይፖድ ላይ አውል። በስልክ መለዋወጫ ሱቆች የሚሸጡት ቀጫጭኖቹ ለቤት ውስጥ ጥሩ ናቸው፤ ገደል ውስጥ ግን ነፋሱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ከበድ ያለውን ግዛና መሐሉ ላይ ድንጋይ የያዘ ቦርሳ አንጠልጥልበት። አቅም ካነሰ እኔ እስካሁን የምጠቀምበትን ልንገርህ፦ እናቴ የሰፋችልኝ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነው፣ ግማሹን ሽንብራ ሞልቼዋለሁ። ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ስልኩን ስትጫነው ሽንብራው ሸሸት ሸሸት ብሎ ጎድጓዳ ይሠራለታል፣ ከዚያ በኋላ አይነቃነቅም። ከረጠበ ግን ያብጣልና በፌስታል ጠቅልለው። ስልኩን በጣትህ ስትነካው ስለሚንቀሳቀስ የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ክፈት።

የጊዜው ርዝመት እንደ ውሃው ነው። በመስከረም ቦርከና ጉልበት ሲኖረው ሩብ ሰከንድ በቂ ነው፤ የውሃው ክር ይታያል፣ ኃይሉም አይጠፋም። ውሃው ሲሳሳ እስከ 1 ሰከንድ ብትሄድ ያምራል። ከ2 ሰከንድ በላይ ሲሆን ወተት የፈሰሰ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እኔ ግን ወንዙን ወንዝነቱን ያሳጣዋል ባይ ነኝ። ነጩ አረፋ ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ ከጠፋ በምንም ማረሚያ አይመለስም፣ ስለዚህ ጥቂት አጨልመህ አንሳ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለፎቶ የሚበቃው ብርሃን በእኛ አገር ከግማሽ ሰዓት አይዘልም፤ ገደሉ ውስጥ ደግሞ ተራራው ቀድሞ ይጋርደዋል። በ10 ሰዓት እዚያ ሁን።

ስልክህ ረጅም ጊዜ የማይፈቅድ ከሆነ ሳታንቀሳቅሰው 16 ፎቶ በተከታታይ አንሳና ኮምፒውተር ላይ አማካያቸውን አውጣ። ነጠብጣቡ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ውሃውም ይለሰልሳል። አይፎን ላላችሁ የላይቭ ፎቶው (አጭር እንቅስቃሴ አብሮ የሚቀዳው) የረጅም ጊዜ ምርጫ ከ2017 ጀምሮ አለ።

አሁን ወደ መተግበሪያዎቹ። ስናፕሲድ የጎግል ነው፣ ነጻ ነው፣ አንዴ ካወረድከው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በዲኤንጂ (ባልተጨመቀው ጥሬ የፎቶ ፋይል) የተነሳ ፎቶም ይከፍታል። ለአንተ የምመርጠው እሱን ነው። የላይትሩም የስልክ ስሪት ብዙው ክፍል በነጻ ይሠራል፤ ቀሪው ወርኃዊ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ከዚህ ሆኖ መክፈል ያስቸግራል። ኮምፒውተር ካለህ ዳርክቴብልና ራውቴራፒ ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። በየትኛውም ብትሠራ የጨለመውን ክፍል ብቻ አብራ እንጂ ሙሉ ፎቶውን አታብራ። የጥላ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ቀለሙን ትንሽ ወደ ቢጫ አሙቀው። የድንጋዩን ጥራት ጨምር፣ ውሃውን ተወው።

ፎቶ ቤትን በተመለከተ ስም አልጠራም፤ ስትገባ የምትጠይቀውን ልንገርህ። አንድ ጊዜ ያሳጠብኩት ፎቶ ማሽኑ በራሱ አብርቶት አረፋው ነጭ ወረቀት ሆኖ ወጣ። «የማሽኑን ራስ-ሰር ማስተካከያ ታጠፉልኛላችሁ?» በል። እሺ ካሉህና አጠገባቸው ተቀምጠህ በስክሪኑ እንድታይ ከፈቀዱ ጥሩ ቤት ነው። ትልቁን ከማዘዝህ በፊት 10 በ15 ሴንቲሜትር አሳጥበህ በመስኮት ብርሃን እየው፤ ወረቀት ላይ ከስልኩ ይልቅ ጠቆር ይላል። የባነር ማተሚያ ርካሽ ቢሆንም ለግድግዳ ፎቶ አልመክርም፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ነጠብጣቡ ያስታውቃል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ለ30 በ40 ሴንቲሜትር ይበቃል። ፎቶውን በቴሌግራም የምትልክ ከሆነ «ፋይል» አድርገህ ላክ፣ እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨመቃል።

ሌላ መልስ፦ በተባለው ላይ አንድ ልጨምር። ካሜራ ላላችሁ ፖላራይዘር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ መስታወት) የእርጥብ ድንጋዩንና የቅጠሉን ነጸብራቅ ይቀንሳል። ብርሃን ስለሚሰርቅ ግን ጊዜውን በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ማስረዘም ያስፈልጋል። ከገዛችሁ ሌንሳችሁ ላይ የተጻፈውን የክብ መጠን አይታችሁ ግዙ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሽንብራውን ዛሬ እገዛለሁ፤ እሑድ በ10 ሰዓት እዚያው ነኝ።

መልስ፦ የመነጽር መወልወያ ጨርቅ ሁለት ያዝ። የፏፏቴው ርጭት ሌንሱ ላይ ሲያርፍ አንዱ ቶሎ ይረጥባል።