ለምጣድ 2.5 ወይስ 4? ሽቦ ለምትገዙ

«ለምጣድ 2.5 ይበቃኛል ወይስ 4 ልግዛ?» ለምትሉኝ፣ 4 ግዙ። (ቁጥሩ የሽቦው መዳብ ውፍረት ነው፣ በካሬ ሚሊሜትር።) የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ድሮ የተከራየሁት ቤት ምጣዱ የሚሰካው 1.5 ሽቦ ላይ ነበር። እንጀራው ሳያልቅ ብሬከሩ ቀጭ ይላል። የጠራሁት ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን እንኳ ሳያይ ብሬከሩን በ32 አምፒር ቀይሮ ሄደ። እውነትም መጥፋቱ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቤቱ ፕላስቲክ ፕላስቲክ መሽተት ጀመረ። ሶኬቱን ስንፈታው የሽቦው ጎማ እንደ ከረሜላ ቀልጦ ተጣብቋል። ለካ ብሬከሩ ሲጠብቅ የነበረው ሽቦውን ነው!

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይስባል። ግድግዳ ውስጥ በቱቦ የሄደ የመዳብ ሽቦ፣ እንደ አገጣጠሙ፣ 1.5 ከ14 እስከ 17፣ 2.5 ከ19 እስከ 24፣ 4 ደግሞ ከ26 እስከ 32 አምፒር ይችላል። ስለዚህ 2.5 በሂሳብ ይበቃል። ግን ምጣድ ሰዓታት ይሠራል፤ አንድ ቱቦ ውስጥ ብዙ ሽቦ ከታጨቀ ደግሞ እርስ በርስ ይሟሟቃሉና አቅማቸው ይቀንሳል። ለዚህ ነው 4 የምለው፣ ከ25 አምፒር ብሬከር ጋር። የቤት ሶኬት ራሱ 16 አምፒር ስለሆነ ምጣዱን ያለ ሶኬት፣ በቀጥታ አሳስሩት። ለመብራት 1.5 ሽቦ ከ10 አምፒር ብሬከር ጋር፣ ለተራ ሶኬት 2.5 ሽቦ ከ16 አምፒር ብሬከር ጋር ይበቃል። 5500 ዋት የሻወር ማሞቂያ ያለው 6 ይግዛ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «12 ጌጅ አስገባ» ካላችሁ አትደናገሩ። ጌጅ የእነሱ የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 12 ጌጅ በእኛ 3.3 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ከምርት እኔ እዚሁ ከሚመረቱት ከኤልስዌዲ፣ ከቢኤምኢቲ ወይም ከዩሮ ኬብል እጀምራለሁ። ከወኪል፣ በደረሰኝ። መርካቶ ዋጋ ይቀንሳል፣ ግን ዓይን ይፈልጋል። ጎማው ወፍሮ መዳቡ የቀጠነ አለ። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ኤሌክትሪሺያን ስትመርጡ መጀመሪያ «ምን ምን ልትሰኩበት ነው?» የሚላችሁን ያዙ። «በፖይንት (በአንድ ሶኬት ወይም መብራት) ስንት ትከፍላለህ?» ብሎ የጀመረውን እኔ አልጠራውም።

ከሁሉም የምወደው መፈተኛ ሚዛን ነው። 100 ሜትር ባለ 2.5 ሽቦ መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጥቅሉ ከነጎማው ይህን ካልሞላ የሆነ ነገር ጎድሏል። ባለሱቁ ሚዛን የለኝም ካለ፣ ሽንኩርት ሻጯ ጋ አለ።