የብሪዮና ቴይለር ሥዕል፦ በግፍ የሞተን ሰው አሳምሮ መሣል ፍትሕን ያግዛል ወይስ ቁጣን ያበርዳል?

የክርክሩ መነሻ

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020 በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ፣ በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ትሠራ የነበረችው የ26 ዓመቷ ብሪዮና ቴይለር፣ ፖሊሶች በሌሊት የቤቷን በር ሰብረው ሲገቡ በጥይት ተገደለች። በዚያው ዓመት ሠዓሊዋ ኤሚ ሼራልድ መልኳን ሣለች፤ ሥዕሉም የቫኒቲ ፌር መጽሔት የሴፕቴምበር እትም ሽፋን ሆነ። በኋላም በሉዊቪል የሚገኘው የስፒድ ሙዚየምና በዋሽንግተን የሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም በጋራ ወሰዱት። እንዲህ ያለው ሥዕል የፍትሕ ጥያቄውን ያጠነክረዋል ወይስ ያለዝበዋል?

የመጀመሪያው ተከራካሪ

ያለዝበዋል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1955 የ14 ዓመቱ ኤሜት ቲል በሚሲሲፒ ተገድሎ አስከሬኑ ቺካጎ ሲደርስ፣ እናቱ ሜሚ ቲል ሳጥኑ ተከፍቶ ሕዝብ ሁሉ እንዲያየው አደረጉ። የዚያ የተጎሳቆለ ፊት ፎቶግራፍ በጄት መጽሔት ላይ ሲወጣ ግፉን ሸፍኖ ማለፍ አልተቻለም። በሼራልድ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ግን ስለ ውሃ ሰማያዊው ቀሚስና ከቀሚሱ ጋር ስለሚመሳሰለው የጀርባ ቀለም ሊያወራ ይችላል፤ ስለ ጥይቱ ሳያነሣም ይሄዳል። ቆዳዋ ግራጫ ሆኖ መሣሉም ያሳስበኛል፤ የጥቁር ሰው ሕይወት ረከሰ ተብሎ አደባባይ በተወጣበት ዓመት ጥቁረቷን ማደብዘዝ ለምን አስፈለገ?

ሥዕል የሚያስተምሩት ተከራካሪ

ወንድሜ ስለ ሜሚ ቲል ያነሡት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሳጥኑ እንዲከፈት የወሰኑት እናት መሆናቸውን አንርሳ። ብሪዮናን በተመለከተ አሟሟቷን የሚያሳይ ቪዲዮ አልነበረም። የጆርጅ ፍሎይድን ግድያ ዓለም በዓይኑ ሲያይ፣ የእርሷ በር ተሰብሮ የተፈጸመው በጨለማ ቀረ። ሼራልድ ቤተሰቧን ጠይቃ፣ ሰውነቷ ከብሪዮና ጋር የሚመሳሰል ሴት ለሞዴልነት ፈልጋ፣ በግራ እጇ ጣት ላይ ቀለበት ሣለች፤ የፍቅር ጓደኛዋ ኬኔት ዎከር ሊያጫት አስቦ ነበርና። እኔ በዚያ ቀለበት ላይ ዓይኔን ሳሳርፍ ጥይቱ የቀማት የትኛውን ነገ እንደ ሆነ ይገባኛል፤ ይህን ደግሞ የቁስል ፎቶግራፍ አይነግረኝም። በእኛም አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ሲያዝ ቤተሰቡ የሚመርጠው የሠርጉን ወይም የምረቃውን ነው፤ የታመመበትን አይደለም። ይህን ስናደርግ ሐዘናችን አልቀዘቀዘም።

ስለ ግራጫው ቀለም፣ ሠዓሊዋ ይህን የምትሠራው ለብሪዮና ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው የሚሼል ኦባማ ሥዕልም እንዲሁ ነው። መነሻዋ ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው የተነሡአቸው የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ መሰል ፎቶግራፎችን ያቀረበው፣ ሌሎች በሚያላግጡበት መልክ ፈንታ ሰዎቹ ራሳቸውን እንደሚያዩት እንዲታዩ ነበር። ስለዚህ ግራጫው ጥቁረትን የሚያጠፋ ሳይሆን ከዚያ የቤተሰብ አልበም ጋር የሚያገናኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛዋ ተከራካሪ

የገንዘቡ ነገር መነሣት አለበት። መጽሔቱ ሽያጭ አግኝቶበታል። ሠዓሊዋ ግን ከሥዕሉ ያገኘችውን አንድ ሚሊዮን ዶላር ለራሷ አላደረገችውም፤ በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ በብሪዮና ስም ለተማሪዎች ድጋፍ አዋለችው። እ.ኤ.አ. በ2021 በስፒድ ሙዚየም ሥዕሉ በታየበት ትርኢት ዝግጅት ላይም እናቷ ታሚካ ፓልመር ተማክረውበታል። ይህ ሁሉ ባይኖር ኖሮ ከመጀመሪያው ተከራካሪ ጋር እቆም ነበር።

የመጀመሪያው ተከራካሪ ምላሽ

ስለ ገንዘቡ የተባለውን ተቀብያለሁ፤ የቀለበቱም ነገር ልቤን ነክቶታል። የጊዜውን ቅደም ተከተል ግን እንመልከት። ፖሊስ ሳያንኳኳ ቤት እንዲሰብር የሚፈቅደውን የፍርድ ቤት ማዘዣ ሉዊቪል በብሪዮና ስም በተጠራ ሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በጁን 2020፣ መጽሔቱ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ያንን ያመጡት መንገድ ላይ የዋሉት ሰልፈኞች ናቸው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ደግሞ የግዛቱ ግራንድ ጁሪ፣ ማለትም ክስ ይመሥረት ወይስ አይመሥረት ብሎ የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ፣ በሞቷ ማንንም አልከሰሰም።

ሥዕል የሚያስተምሩት ተከራካሪ

ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ሥዕሉ ሕጉን አመጣ አላልሁም። ይሁን እንጂ በፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ የቀድሞ ፖሊስ መብቷን በመጣስ ጥፋተኛ የተባለው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት ሰልፉ ተበትኗል፤ የእርሷ መልክ ግን በሙዚየም ተሰቅሎ ታይቷል።

የመጀመሪያው ተከራካሪ

እንግዲያው አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሥዕሉ በተሰቀለበት ሁሉ፣ ከሠዓሊዋ ስም አጠገብ፣ በዚያች ሌሊት የሆነውና ማን እንደተከሰሰ፣ ማንስ እንዳልተከሰሰ በጉልህ ይጻፍ። ያ ከተደረገ ተቃውሞዬን አነሣለሁ።